በቃሌ የያዝኩት የዓይን ሰሌዳ

ለሰው ሳወራው የሚያስቀኝ፣ ብቻዬን ሳስበው ግን ዛሬም የሚያሸማቅቀኝ አንድ ጥፋት አለብኝ። ፈተና ኮርጄ አውቃለሁ። የኮረጅኩት የሒሳብ ወይም የታሪክ ፈተና ቢሆን ኖሮ እዚህ ባላነሳሁት ነበር። የዓይን ምርመራ ነው የኮረጅኩት። ለዚያች ስርቆት ሁለት ዓመት ሙሉ በራሴ ከፍያለሁ፤ በራሴ ስል በዚህ በአንገቴ ላይ ባለው ራሴ ማለቴ ነው።

ነገሩ የሆነው እንደ ፈረንጅ አቆጣጠር በ2007 ግድም እዚሁ ሐደራ ከተማ ነው። ያኔ ሠላሳ ስምንት ዓመቴ ነበር። ጠዋት በኢንዱስትሪ ዞኑ አንድ የቅመማ ቅመም ማሸጊያ ውስጥ እሠራለሁ፤ ማታ ደግሞ ለጎልማሶች በተከፈተ ክፍል እስከ አሥራ ሁለተኛ ክፍል የሚያደርሰውን ትምህርት እማራለሁ። ጎንደር ሳለሁ የትምህርት ቤት አጥሩን እንጂ ውስጡን አላየሁም። ወንድሞቼ ሄዱ፣ እኔ ቀረሁ። ፊደል የቆጠርኩት እዚህ ከገባን በኋላ፣ በሃያ ሁለት ዓመቴ፣ ኡልፓን በሚሉት የቋንቋ ትምህርት ቤት ነው። ያውም መጀመሪያ ዕብራይስጡን ነው እንጂ፣ የገዛ ቋንቋዬን ማንበብ የቻልኩት ከዚያ ሦስት ዓመት ቆይቶ ነው።

ስለ ኡልፓኑ አንድ ነገር ልንገራችሁ፤ ያለ እሱ የቀረው አይገባችሁም። እኛ በጆሮ የምንማር ሰዎች ነበርን። አያቴ አንድ ፊደል ሳይለይ፣ ቄሶቹ የሚያደርሱትን ጸሎት ከዳር ቆሞ እየሰማ ከጫፍ እስከ ጫፍ በቃሉ የያዘ ሰው ነበር። አንዲት ቃል ብትዘለል ቀና ይላል። ጆሮዬን የወረስኩት ከእሱ ነው። መምህሯ በተራ ስታስነብበን ሆን ብዬ ከኋላ እቀመጣለሁ። ከፊቴ ያሉት አምስት ስድስት ሰዎች ሲያነቡ አዳምጣለሁ። ተራዬ ሲደርስ ጣቴን ከመስመሩ ሥር እያስኬድኩ፣ ሳልደናቀፍ፣ ሁሉንም እወጣዋለሁ። "ሁላችሁም እንደ ትርንጎ!" ትል ነበር መምህሯ። ትርንጎ እኔ ነኝ። ሦስት ወር ያህል አንድ ፊደል ሳላውቅ የክፍሉ ጎበዝ ሆኜ ኖርኩ። በኋላ እልህ ያዘኝና በእውነት ተማርኩ፤ መጽሐፍም ከእጄ የማይለይ ሰው ሆንኩ። ልማዱ ግን ከላዬ አልወረደም። ሰው ፊት "አንብቢ" ስባል ከዓይኔ በፊት ጆሮዬ ይነሳል።

ራስ ምታቱ የጀመረኝ የማታ ትምህርት በገባሁ በዓመቱ ነው። ከቅንድቤ በላይ ይነሳና፣ ሰው በአውራ ጣቱ ዓይኔን ከውስጥ ወደ ውጭ የሚገፋው ይመስል ይጫነኛል፤ ከዚያ ማጅራቴን ይይዛል። የቤተሰብ ሐኪሟ ደሜን አየች፣ ግፊቴን ለካች፣ ቀጥላም "እስኪ ዓይንሽን ታይተሽ ነይ" አለችኝ። በገበያው አጠገብ ወዳለ አንድ መነጽር ቤት ሄድኩ። በነጻ የሚመረምሩበት ቀን ነበርና ሰልፉ እስከ ደጅ ወጥቷል። የምርመራው ክፍል በር ተከፍቶ ስለነበር ከፊቴ ሰባት ሰዎች የግድግዳውን ሰሌዳ ጮክ ብለው ሲያነቡ ሰማሁ። ሰባት ጊዜ!

ወንበሩ ላይ ስቀመጥ ላይኞቹ ፊደላት ይታያሉ፤ የታችኞቹ ሁለት መስመሮች ግን ጉንዳን የተሰለፈባቸው ይመስላሉ። "አይታየኝም" ማለት ነበረብኝ። የመረመረችኝ ግን ወጣት ልጅ ናት፤ መልኬን አየችና ድምጿን ከፍ፣ ንግግሯን ዝግ አድርጋ፣ ለደንቆሮ እንደሚናገሩት፣ "ፊደል ታውቂያለሽ?" አለችኝ። ደሜ ፈላ። አንዲት ሳላጎድል እስከ መጨረሻው መስመር ወጣሁላት። "ዓይንሽ የንስር ነው" ብላ ፈረመችልኝ። ወረቀቱም መዝገቤ ውስጥ ገባ።

ከዚያ በኋላ ያየኝ ሐኪም ሁሉ መዝገቡን ገለጥ አድርጎ "ዓይኗ ደህና ነው" ብሎ ያልፋል። ጭንቅላቴን በማሽን አነሱኝ፤ ምንም የለም። ክኒን ለወጡልኝ። አክስቴ ማጅራቴን በዋግምት ሳበችኝ። እኔም ነገር በልክ ካልሆነ የማይሆንልኝ ሰው ስለሆንኩ ደብተር ገዝቼ መመዝገብ ጀመርኩ፦ በስንት ሰዓት እንደተነሳብኝ፣ በየትኛው ጎኔ እንደሆነ፣ ምን እንደበላሁ፣ ስንት ሰዓት እንደተኛሁ፣ ሻራቭ የሚሉት የበረሃ ነፋስ ነፍሶ እንደሆነ። ከደብተሩ የወጣው አንድ ነገር ብቻ ነበር። ቅዳሜ አያመኝም።

"ሰንበት ጠብቃሽ ነው" አለች አክስቴ። ባለቤቴ አዲሱ ግን ራሱን ነቀነቀ። "ሰንበት ትምህርት ስለሌለ ነው። ትርንጎ፣ የሚያምሽ ትምህርቱ ነው። ሰው ለምን በገዛ እጁ ይታመማል?" ክፉ ሰው አይደለም። አንድ ሰሞን መጽሐፎቼን ቁም ሳጥን ውስጥ ከብርድ ልብሱ ሥር ደብቆብኝ ነበር፤ ስላዘነልኝ ነው።

የማጠቃለያው ፈተና ሦስት ሳምንት ሲቀረው እጄን ሰጠሁ። አንድ ገጽ ሳነብ ሦስት ጊዜ ዓይኔን የምጨፍን ሆኜ ነበር። አንድ ረቡዕ ተቀምጬ ለትምህርት ቤቱ የመሰናበቻ ደብዳቤ ጻፍኩ። አራት ጊዜ ገልብጬ፣ ሥርዝ ድልዝ የሌለበት አድርጌ፣ አጥፌ ቦርሳዬ ውስጥ ከተትኩት። ለማንም አልተናገርኩም። ሐሙስ ከሥራ መልስ ለጸሐፊዋ ሰጥቼ ነገሩ እንዲያልቅ ነበር ሐሳቤ።

ሐሙስ ከሥራ ስመለስ ግን እማማ ጥሩ የሚባሉት ጎረቤቴ ነጠላቸውን አጣፍተው ደረጃው ላይ ቆመው ጠበቁኝ። እማማ ጥሩ ከእኛ በታች ያለው ቤት የሚኖሩ፣ ሰባ ዓመት ያለፋቸው ባልቴት ናቸው። ዕብራይስጥ ሰላምታ ያህል ነው የሚያውቁት። ከሐኪም ቤት የሚመጣላቸውን ወረቀት ሁሉ የማነብላቸው እኔ ነኝ። ያን ቀን መነጽር ቤት ልወስዳቸው ቃል ገብቼላቸው ነበር።

"ረሳሽኝ እንዴ?"

"አልረሳሁም እማማ። ብቻ ቶሎ እንመለስ፤ ከዚያ ትምህርት ቤት የማደርሰው ጉዳይ አለኝ። ቢሮው ሐሙስ ቶሎ ይዘጋል።"

ፊቴን ትኩር ብለው አዩት። "ተነስቶብሻል።"

"ተነስቷል።"

"ከበረንዳዬ የቀነጠስኩልሽን ዳማከሴ አሸተትሽው?"

"አሸተትኩት።"

"ታዲያ?"

"አፍንጫዬ ተከፈተ። ራሴ ያው ነው።"

"አፍንጫም ቀላል ነገር አይደለም" አሉና ክንዴን ያዙ።

ገበያው እንደ ሐሙስነቱ ተጨናንቋል። መግቢያው ላይ ጠባቂው ቦርሳችንን ከፍቶ አየ። እማማ ጥሩ "ይሄ ልጅ ሁልጊዜ ቦርሳዬን ይፈትሻል፤ አንድ ቀን እንኳ ብርቱካን ቢከትልኝ ምን አለበት?" አሉ፤ እንድተረጉምለት ግን አልፈቀዱም። መነጽር ቤቱ ያው የድሮው ነው። ወጣቷ ልጅ የለችም። በእሷ ቦታ ያገኘናቸው ሺሞን የሚባሉ ሽማግሌ ናቸው፤ በልጅነታቸው ከሞሮኮ የመጡ፣ መነጽራቸውን ግንባራቸው ላይ ሰቅለው የሚፈልጉት ዓይነት ሰው።

እማማን ወንበሩ ላይ አስቀመጧቸውና በዱላ ግድግዳው ላይ ያለውን ሰሌዳ አመለከቱ።

"እማማ፣ ፊደሎቹን ያንብቡ ነው የሚሉት" አልኩ።

"ጥሩ እኮ ፊደል አታውቅም በይው።"

ደጅ የሚጠብቁ ሁለት ሰዎች ነበሩ። ጎንበስ ብዬ "ቀስ ይበሉ እማማ፣ ሰው ይሰማል" አልኳቸው።

"ይስማ! ሰርቄ ነው እንዴ?"

ያቺ ቃል የት ቦታ እንደገባችብኝ እሳቸው አላወቁም። ሺሞን ግን ሳቅ ብለው "ቤሴደር፣ ምንም አይደል" አሉና ሰሌዳውን ገለበጡት። በጀርባው ፊደል የለም፤ ሦስት ጣት ያለው ሹካ የመሰለ ምልክት ብቻ፣ አንዱ ወደ ላይ፣ አንዱ ወደ ጎን ዞሮ ተደርድሯል። ጣቶቹ ወዴት እንደሚያመለክቱ መናገር ብቻ ነው። እማማ ጥሩ እንደ ጨዋታ ያዙት።

"ይሄ ወደ ገበያ። ይሄ ወደ ባሕር። ይሄ ወደ ሰማይ ያያል፤ ዝናብ ይለምናል መሰለኝ። ይሄኛው አይታየኝም። ይሄም አይታየኝም። ያ ከናካቴው የለም።"

በየመሃሉ "አይታየኝም" ሲሉ እንደ "ደህና ዋሉ" ነው፤ ከአፋቸው በቀላሉ ይወጣል። ሺሞን በትንሽ መብራት ዓይናቸውን ተመለከቱና የዓይን ሞራ መሆኑን፣ ሐኪም ዘንድ እንደሚልኳቸው፣ በቀላል ኦፕሬሽን እንደሚወጣላቸው ነገሩን። ተረጎምኩላቸው።

"ይህን ሁሉ ያወቀው አይታየኝም ስላልኩት ነው?"

"አዎ እማማ።"

"ቀላል ነዋ!" አሉ። ከዚያ ዱላውን ተቀብለው ወደ ሰሌዳው ጠቆሙ። "ብቻ ያቺን ታችኛዋን መስመር ማንም ፍጡር አያያትም። ለማሾፍ ነው ያስቀመጧት።"

ሺሞን ምን እንዳሉ ሲጠይቁኝ ነገርኳቸው። ሳቁና ሰሌዳውን ወደ ፊደሉ መልሰው ገለበጡት። "ነይ ቁጭ በይ፤ እንደሚታይ አሳዪያቸው" አሉኝ።

ራሴ እየመታኝ ነበር፤ ያም ሆኖ ደስ አለኝ። ወንበሩን አውቀዋለሁ፣ ግድግዳውን አውቀዋለሁ። ቁጭ አልኩና ታችኛዋን መስመር፣ እንደዚያን ቀኑ፣ አንድ ሳልስት ከዳር እስከ ዳር ወጣኋት።

"አቤት!" አሉ እማማ። "የንስር ዓይን!"

ሺሞን ግን አልሳቁም። መነጽራቸውን ከግንባራቸው አውርደው አደረጉትና መጀመሪያ ሰሌዳውን፣ ቀጥሎ እኔን አዩ።

"እንደገና በይልኝ።"

ደገምኩላቸው።

"ጥሩ ነው" አሉ ቀስ ብለው። "ያልሽው ሁሉ ልክ ነው። ግን ያ ሰሌዳ ደብዝዞ ስለነበር ከፋሲካ በኋላ አውርጄዋለሁ። ይሄ ሌላ ነው።"

የሆነውን ለመረዳት ትንሽ ቆየሁ። ሰሌዳውን አፍጥጬ አየሁት። ጉንዳኖቹ ተሰልፈዋል። የትኞቹ ጉንዳኖች እንደሆኑ ግን አላወቅኩም። ስንት ፈተና ላይ ከጎኔ የሚኮርጁትን በዓይኔ ስገሥጽ የኖርኩ ሴት፣ አሁን እንደ ተያዘ ተማሪ አንገቴን ደፋሁ።

"ምን አለሽ?" አሉ እማማ ጥሩ። "ምን አጠፋሽ?"

መጀመሪያ የነገርኩት ለእሳቸው ነው፤ በአማርኛ። ሰባቱን ሰዎች፣ የልጅቷን ጥያቄ፣ መዝገቡ ውስጥ የገባውን ወረቀት። ቀጥዬ ለሺሞን በዕብራይስጥ ነገርኳቸው። ራስ ምታቱንም ጨመርኩ። ደብተሩን ከቦርሳዬ አውጥቼ ሰጠኋቸው። የተጻፈው በዕብራይስጥ ነበርና ገጽ በገጽ አገላበጡት። ሰዓቱን፣ ምግቡን፣ እንቅልፉን፣ ነፋሱን ተከተሉ።

"እንዲህ ያለ ደብተር አይቼ አላውቅም" አሉ። "አንድ ነገር ግን የለም። በቀን ስንት ሰዓት ታነቢያለሽ?"

"ማንበብን አልመዘገብኩም። ለምን እመዘግበዋለሁ? እሱ እኮ ዕረፍቴ ነው።"

"ቅዳሜስ?"

ቅዳሜ ምኩራብ እንሄዳለን፣ ዘመድ እንጠይቃለን፣ ቤቱ በእንግዳ ይሞላል። የትምህርቱን መጽሐፍ አልነካም። ባለቤቴ ግማሹን ልክ ነበር። ማንበብ ነበር የሚያመኝ፤ ትምህርት ግን አልነበረም።

ሺሞን ደጅ ለሚጠብቁት ሁለት ሰዎች ትንሽ እንዲታገሡ ነገሯቸው። አገጬን መቆሚያ ላይ አስደግፈው በመብራት አዩኝ። ቀጥለው ብርጭቆዎቹ የሚወጡና የሚገቡ፣ ከባድ የብረት የሙከራ መነጽር አፍንጫዬ ላይ ጫኑ። "ይሄ ይሻላል ወይስ ይሄ?" እያሉ ብርጭቆ ይለዋውጣሉ። "አሁን ግን በዓይንሽ ብቻ" አሉኝ። እኔም አንድ በአንድ፣ የማየውን ብቻ ተናገርኩ። "ይሄ አይታየኝም" ያልኩባት የመጀመሪያዋ ጊዜ ከበደችኝ። ሁለተኛዋ ቀለለች።

"ሁለቱ ዓይኖችሽ እኩል አይደሉም" አሉ ሲጨርሱ። "ቅርብ ለማንበብ ቀኑን ሙሉ ይጎትታሉ። በአንድ ቀንበር ረጅምና አጭር በሬ ጠምደሽ ስታርሺ ኖርሽ። አሁን በዚህ መነጽር የእጅ ጽሕፈት እንሞክር። ከደብተሩ ሌላ በቦርሳሽ ወረቀት አለ?"

እጄን ሰደድኩ። የነበረኝ ወረቀት አንድ ብቻ ነው። ገለጥኩት።

ፊደሎቹ ከወረቀቱ ላይ ተነስተው ቆሙ። ሳላጠብብ፣ ግንባሬን ሳልቋጥር። የገዛ እጄ ጽሑፍ እንዲህ ጥርት ያለ መሆኑን አላውቅም ነበር። ጮክ ብዬ አነበብኩላቸው፦ እኔ ስሜ ከታች የተጻፈው ተማሪ በጤና ምክንያት ትምህርቴን ከዛሬ ጀምሮ ማቋረጤን በትሕትና አስታውቃለሁ፤ የተዋስኳቸውን መጻሕፍት በንጽሕና እመልሳለሁ።

ሺሞን የያዙትን ብርጭቆ ጠረጴዛው ላይ አኖሩ። እማማ ጥሩ ግን "ምን ይላል?" አሉኝ።

"ምንም አይልም እማማ።"

"አንቺ ልጅ፣ ለኔ ወረቀት ስታነቢ ምንም አይልም ብለሽኝ አታውቂም። ምን ይላል?"

ተረጎምኩላቸው። እማማ ጥሩ እየዳበሱ ወደ እኔ መጡና ወረቀቱን ከእጄ ወሰዱት። ወደ ዓይናቸው አስጠጉት፤ በሞራ በተሸፈነ ዓይናቸው፣ በማያውቁት ፊደል ላይ፣ ረጅም ጊዜ አፈጠጡ።

"ዛሬ ቶሎ የሚዘጋብሽ ጉዳይ ይሄ ነው?"

"አዎ።"

"ይዘጋ።" ወረቀቱን አጥፈው ደረታቸው ውስጥ ከተቱት። "እኔ አንቺን ይዤ የመጣሁት የሚያነብልኝ ሰው አለኝ ብዬ ነው። አንቺ ከተውሽው እኔ ደግሞ ዓይኔ ቢበራ ምን አየዋለሁ?"

ሺሞን እንድተረጉምላቸው አልጠየቁም። ግራ ቀኝ እያዩ መነጽራቸውን ፈለጉ፤ አፍንጫቸው ላይ ነበር።

መነጽሬ በሳምንቱ ደረሰ። ሺሞን ሲሰጡኝ አስጠነቀቁኝ። "እኔ ተአምር አልሸጥም። ሁለት ሳምንት አድርጊውና እዪው። ካልተሻለሽ ወደ ሐኪምሽ ተመለሺ። ቢሻልሽም ተመለሺ፤ መዝገብሽ ውስጥ ያለው ወረቀት ውሸት መሆኑን መንገር አለብሽ።" ሁለተኛው ከመጀመሪያው ይልቅ ከበደኝ። ቢሆንም ሄጄ ነገርኳት። ሐኪሟ እስክሪብቶዋን አስቀምጣ ብዙ አየችኝና "ከዚህ በኋላ ማንንም ሰው ዓይኑን ታይቷል ወይ ብዬ ብቻ አልጠይቅም፤ እንዴት እንደታየም እጠይቃለሁ" አለችኝ።

የመጀመሪያዎቹ ሦስት ቀናት ወለሉ የሚነሳና የሚወርድ መሰለኝ። በአምስተኛው ቀን ማታ ለሁለት ሰዓት ያህል አንብቤ ሻይ ለማፍላት ስነሳ፣ አንድ ነገር እንደ ጎደለኝ ተሰማኝና ቆምኩ። ቅንድቤን በጣቴ ነካሁት። ምንም የለም። አዲሱ አየኝና "ምነው?" አለ።

"ዛሬ ማክሰኞ ነው" አልኩት።

"ታዲያ?"

"ማክሰኞ ነው፣ አላመመኝም።"

ተነስቶ ሄደና የቁም ሳጥኑን በር ከፈተ። ከብርድ ልብሱ ሥር ረስቶት የቀረ አንድ መጽሐፌን አውጥቶ ጠረጴዛው ላይ አኖረልኝ።

ፈተናውን ተፈተንኩ፤ አለፍኩም። ራስ ምታቱ ከናካቴው ጠፋ ብላችሁ ውሸት ይሆንብኛል፤ ሻራቭ ሲነፍስ ወይም እንቅልፍ ሲጎድለኝ አሁንም በሩን ያንኳኳል። ግን እንግዳ ሆኖ መጥቶ ይሄዳል እንጂ እንደ ባለቤት አይቀመጥም።

የምታነቡኝ ሆይ፣ መነጽር አድርጉ ልላችሁ አይደለም የጻፍኩት። የእናንተ ራስ ምታት ሌላ ምክንያት ሊኖረው ይችላል፤ እሱን ሐኪም ይንገራችሁ። የእኔ ምክር ለሐኪሙ የምትሰጡትን መልስ የሚመለከት ነው። እኛ ዘግይተን የተማርን ሰዎች "አላውቅም" እና "አይታየኝም" የሚሉት ቃላት የመጣንበትን መንገድ ሁሉ ወደ ኋላ የሚመልሱን ይመስለናል። ስለዚህ ጎበዝ እንመስላለን፤ ጎበዝ የመሰለን ሰው ደግሞ ማንም አያክምም። እኔ ፊደል በማወቄ ስኮራ ሁለት ዓመት ስታመም፣ ፊደል የማያውቁት እማማ ጥሩ በሩብ ሰዓት በሽታቸውን አስታወቁ። ከሁለታችን ያን ቀን የተማረችው የትኛዋ እንደነበረች እናንተው ፍረዱ።

እማማ ጥሩ ኦፕሬሽኑን አድርገው ዛሬ ከበረንዳቸው ሆነው ማን ከማን ጋር እንደሚሄድ ሳይቀር ያያሉ። ደብዳቤዬን ግን አልመለሱልኝም። በጠየቅኳቸው ቁጥር ደረታቸውን መታ መታ ያደርጉና "ቆይ፣ ገና አንብቤ አልጨረስኩም" ይሉኛል።